ጥያቄና መልስ፦ ባንክራፕሲ መግባት ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። የክሬዲት ካርድና የሆስፒታል ዕዳዬ 38 ሺህ ዶላር ደርሷል። ዕቁብም ቀድሞ ደርሶኝ አሁን መጣል አቃተኝ። ባንክራፕሲ (ዕዳ መክፈል ያቃተው ሰው በፍርድ ቤት ከዕዳው ነፃ ለመውጣት የሚያመለክትበት ሕጋዊ መንገድ) ልግባ ስል «ኃጢአተኛ ይበደራል አይከፍልምም» የሚለው ቃል ያስፈራኛል።

መልስ፦ እኅታችን፣ መዝሙሩ (መዝ. 36፥21) የሚወቅሰው እያለው የሚክደውን ነው። አቅም ላነሰው ኦሪትም በሰባተኛው ዓመት ዕዳው እንዲተውለት አዝዛለች (ዘዳ. 15፥1-2)። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረመረው አቅምሽ ነው። ከኪራይ፣ ከምግብና ከትራንስፖርት የሚተርፍሽ ዕዳውን በ5 ዓመት የሚጨርስልሽ ከሆነ ከአበዳሪዎችሽ ጋር ተደራድረሽ ክፈዪ። ወለዱን እንኳ የማይሸፍን ከሆነ ማመልከቱ አያስነውርም።

የ6 ወር አማካይ ገቢሽ ለቤተሰብሽ ቁጥር ከተቀመጠው የስቴቱ መካከለኛ ገቢ ካልበለጠ ቻፕተር 7 መግባት ትችያለሽ፤ ይህ አብዛኛው ዕዳ የሚሰረዝበት የባንክራፕሲ ዓይነት ነው። ከበለጠና ወጪሽ ተቀንሶ በቂ ከተረፈ መንገድሽ ቻፕተር 13 ነው፤ እሱም ከ3 እስከ 5 ዓመት በፍርድ ቤት ዕቅድ መክፈል ነው። የልጅ ቀለብ አይሰረዝም፣ የትምህርት ብድርም እጅግ ይከብዳል። በቻፕተር 7 አንቺ ነፃ ብትወጪም ዋስሽ ዕዳውን ይጠየቃል።

የወገኖቻችን ፈተና ግን የማመልከቻው ቅጽ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየም፣ በወንድም ስም የተቀመጠው የራስሽ መሬት፣ ጥለሽበት ገና ያልደረሰሽ ዕቁብ፣ ሁሉም ይጻፋል። የደረሰሽ ዕቁብ ደግሞ በዕዳ በኩል ይገባል። ፊርማው እንደ መሐላ ስለሚቆጠር መደበቅ ወንጀል ነው፤ ሐናንያና ሰጲራም የወደቁት ባስቀሩት ገንዘብ ሳይሆን በዋሹት ነው (ሐዋ. 5)። «የዘመድ ይቅደም» ብለሽ ከማመልከትሽ በፊት ባለው አንድ ዓመት ለእኅትሽ የከፈልሽውን ትረስቲው (ጉዳይሽን እንዲከታተል የሚሾመው ባለአደራ) ከእጇ ሊያስመልስ ይችላል። አሥራትሽ ከዓመት ገቢሽ 15 በመቶ እስካላለፈ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። በክሬዲት ካርድ ስለት ማስገባት ግን ይቅርብሽ፤ የምትሰጪው የባንክ ገንዘብ ነው።

ዕቁብተኞቹን በተመለከተ፣ ፍርድ ቤቱ ዕዳውን ከሰረዘ በኋላ በፈቃድሽ ብትከፍዪ የሚከለክልሽ ሕግ የለም። እነሱ እንደ አንቺው ላባቸውን ያፈሰሱ ናቸውና ሲቃናልሽ ቀስ በቀስ መልሺላቸው። ከማመልከትሽ በፊት ግን ጠበቃ ሳታማክሪ ለይተሽ አትክፈዪ። ለዕቁቡ ዳኛ ዛሬውኑ ንገሪው፤ ፍርድ ቤቱ ለአበዳሪዎች ሁሉ ደብዳቤ ስለሚልክ ከፖስታ ሳጥን ባይሰማው ይሻላል።