ከፖቶማክ ወንዝ በየትኛው ማዶ ወደቅህ?

ከስካፎልዲንግ (ከግንባታ መወጣጫ) ወድቆ የተጎዳ ሰው ኒውዮርክ ያለ ዘመዱ ሲደውልለት መጀመሪያ የሚሰማው «የሕንፃውን ባለቤት ክሰስ፣ ሕጉ ካንተ ጋር ነው» የሚል ምክር ነው። ዘመዱ አልዋሸም። ኒውዮርክ ከ1885 ጀምሮ የስካፎልዲንግ ሕግ አላት፤ ተገቢው መከላከያ ሳይሰጠው ከከፍታ የወደቀ ሠራተኛ ራሱ በከፊል ተሳስቶ እንኳ ቢሆን የሕንፃው ባለቤትና ዋናው ተቋራጭ ይጠየቁለታል። እኛ ግን ያለነው ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ማዶ ባሉት ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ነው። እዚህ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ይባስ ብሎ ሦስቱም፣ ከሳሹ ለአደጋው ጥቂት እንኳ አስተዋጽኦ ካደረገ ከፍርድ ቤት ባዶ እጁን የሚመልሰውን አሮጌ ደንብ እስከ ዛሬ ይዘው ከቀሩት ጥቂቶች መካከል ናቸው። የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደንቡን እንዲሽር በ2013 ቢጠየቅም አልሻረውም። ዲሲም በ2016 ያላላችው ለእግረኞችና ለብስክሌት ነጂዎች እንጂ ለግንባታ ሠራተኛ አይደለም።

ስለዚህ በእኛ አካባቢ መጀመሪያ የሚንኳኳው በር የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ፣ ብዙዎቻችን ወርከርስ ኮምፐንሴሽን የምንለው ነው። እዚያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በአብዛኛው አይጠየቅም። የሕክምና ወጪህ ይሸፈናል፤ መሥራት ካልቻልህም በሕግ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ ከአማካይ ሳምንታዊ ደመወዝህ ሁለት ሦስተኛው ይከፈልሃል። ለሥቃይህ የሚከፈል ነገር የለም፣ ቀጣሪህንም በፍርድ ቤት መክሰስ አትችልም።

የሰፈራችን ጣጣ ድንበሩ ነው። አንድ ሰው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፣ የቀጣሪው ቢሮ ዲሲ ነው፣ የወደቀው ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ላይ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ከአንድ በላይ በር ሊከፈትለት ይችላል፣ የጊዜ ገደቡ ግን በየበሩ ይለያያል። በቨርጂኒያ ለቀጣሪ በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ ማመልከቻውንም በ2 ዓመት ውስጥ የካሳ ጥያቄዎችን ለሚያየው የግዛቱ ኮሚሽን ማስገባት ያስፈልጋል። በዲሲ ማሳወቂያው እንዲሁ 30 ቀን ሲሆን ማመልከቻው ግን 1 ዓመት ብቻ ነው። የሜሪላንድ ገደብ ከሁሉም የጠበቀ ነው፦ ለቀጣሪ በ10 ቀን፣ ለኮሚሽኑ በ60 ቀን፤ በበቂ ምክንያት ማርፈድ ቢቻልም 2 ዓመት ካለፈ በሩ ይዘጋል። እኔ የምመክረው የትኛው እንደሚሠራ ሳትመራመር በዚያው ምሽት ለአለቃህ በስልክ መልእክት እንድትጽፍ ነው። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ምን እንደሆነና የትኛው አካልህ እንደተጎዳ ጻፍ። ሰዓቱን ስትጽፍ በፈረንጁ አቆጣጠር ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ብለህ የጻፍኸውን ሌላ ሰው ማታ 9 ሰዓት ብሎ ያነበዋል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሳይቱ ዝግ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አምቡላንስ ሳይመጣ ፎርማኑ ጠጋ ብሎ «ቤት ውስጥ ነው የወደቅሁት በል፣ የሆስፒታሉን እኔ እከፍላለሁ» ይልሃል። አንዳንዴ የሚለው የገዛ ወገናችን ነው፤ ይሉኝታውም ከባድ ነው፣ ሥራውን ያገኘልህ እሱ ነውና። እሺ እንዳትል። ነርሷ የምትጽፈው የመጀመሪያው መስመር ከወራት በኋላ ኮሚሽነሩ ፊት ይነበባል። «ቤት ወደቅሁ» ካልህ የካሳ ጥያቄህን በራስህ አፍ ዘጋኸው ማለት ነው፤ ፎርማኑም ከመጀመሪያው የሆስፒታል ቢል በኋላ ስልክ አያነሣም።

በተለይ ቨርጂኒያ ውስጥ «ወደቅሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ምክንያቱ ያልታወቀ ውድቀት በዚያ ግዛት የሚካስ አይደለም፤ ጉዳቱን ያመጣው የሥራው አደጋ መሆኑን ማሳየት ያለብህ አንተ ነህ። ስለዚህ የሆነውን በዝርዝር ተናገር፦ ሳንቃው አልታሰረም ነበር፣ ስረግጠው ጫፉ ተነሣ፣ በዚያ በኩል የእጅ መደገፊያ አልነበረም። ነርሷ እንዴት ነህ ስትልም ከልማድ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ብለህ አትመልስ፣ ደህና ነኝ አለ ተብሎ ይመዘገባል። ጀርባህም አንገትህም ካመመህ ሁለቱንም ጥቀስ። እንግሊዝኛህ ካልጠነከረ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቅ፤ ሆስፒታሎች ያቀርባሉ፣ በዲሲ የመንግሥት ቢሮዎችም የ2004ቱ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አለ። ፎርማኑ ግን ፈጽሞ አያስተርጉምልህ።

ከተቻለ የሥራ ባልደረባህ መወጣጫው ሳይፈርስ ፎቶ ያንሣው። በሚቀጥለው ጠዋት የጎደለው መደገፊያ ተገጥሞ ታገኘዋለህና። በፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት ደንብ ከ10 ጫማ በላይ ባለ ስካፎልዲንግ ላይ መደገፊያ ወይም የመውደቂያ መከላከያ ቀበቶ ግዴታ ነው፣ ብቃት ያለው ሰውም ከእያንዳንዱ ፈረቃ በፊት መፈተሽ አለበት። ሆስፒታል ተኝተህ ከሆነ ቀጣሪው በ24 ሰዓት ውስጥ ለደኅንነት ባለሥልጣኑ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ቀበቶ ተሰጥቶህ ሆን ብለህ ካላሰርኸው ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ካሳውን ራሱን ልትነፈግ ትችላለህ።

«የምከፈለው በ1099 (ለተቀጣሪ ሳይሆን በግሉ ለሚሠራ ሰው በሚሰጠው የግብር ቅጽ) ነው፣ መብት የለኝም» የሚለውን ሰምቼ ጠግቤአለሁ። መሣሪያውን የሚሰጥህ፣ ሰዓትህን የሚወስንልህና የሚያዝህ እሱ ከሆነ ቅጹ ብቻውን ሥራ ተቋራጭ አያደርግህም። ንዑስ ተቋራጩ ኢንሹራንስ ባይኖረው እንኳ ዋናው ተቋራጭ ሊጠየቅ ይችላል፤ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ደግሞ ኢንሹራንስ በሌላቸው ቀጣሪዎች ለተጎዱ የተቋቋመ ፈንድ አለ። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውም ሠራተኛ በሦስቱም ለካሳው ሽፋን አለው፣ በክፍያው መጠን ላይ ግን ልዩነት ስላለ ያለ ጠበቃ አይግባበት።

ፍርድ ቤት የሚያስኬድህ ቀጣሪህ ያልሆነ ሌላ አካል ሲያጠፋ ነው፦ ስካፎልዲንጉን አከራይቶ አጉድሎ የተከለው ድርጅት፣ ብልሽት ያለበትን ማያያዣ የሠራ ፋብሪካ። ቨርጂኒያ ውስጥ ዋናውን ተቋራጭ መክሰስ ብዙ ጊዜ አይቻልም፣ ሕጉ እንደ ቀጣሪህ ይቆጥረዋልና። የመክሰሻ ጊዜው በቨርጂኒያ 2 ዓመት፣ በሜሪላንድና በዲሲ 3 ዓመት ነው። ጥቂት እንኳ ካጠፋህ ባዶ እጅህን የሚመልስህ ያ ክፉ ደንብ የሚጠብቅህም እዚህ ላይ ነው። የኢንሹራንስ ሠራተኛው በትሕትና ደውሎ «ንግግራችንን ልቅዳው?» የሚልህ «ትንሽ ቸኩዬ ነበር» የምትለውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ፍለጋ ነው። ጠበቃዬን አነጋግር ብለህ ስልኩን ዝጋ።

ሐኪምን በተመለከተ በሜሪላንድና በዲሲ የምትመርጠው አንተ ነህ። ቨርጂኒያ ውስጥ ቀጣሪው ቢያንስ 3 ሐኪሞች ያሉበት ዝርዝር ያቀርብልሃል፤ ካላቀረበ የፈለግኸውን መርጠህ መሄድ ትችላለህ። አንዴ ከመረጥህ መቀየር ቀላል ስላልሆነ በዝርዝሩ ላይ ስላሉት ጠይቀህ ምረጥ።

ጠበቃ ስትይዝ ፈቃዱ በወደቅህበት ማዶ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጥ። በካሳ ጉዳይ የጠበቃውን ክፍያ የሚያጸድቀው ኮሚሽኑ ወይም የዲሲው የካሳ ቢሮ ስለሆነ፣ ገና ሳይጀምር በጥሬ ገንዘብ የሚጠይቅህን ተወው። ከስካፎልዲንግ አከራዩ ጋር በገንዘብ ለመስማማት ከደረስህ ደግሞ መጀመሪያ የካሳ ኢንሹራንሱ በጽሑፍ ይፍቀድልህ፤ ሳይፈቅድ ከፈረምህ የቀረውን ሳምንታዊ ክፍያና ሕክምና ልታጣ ትችላለህ።