ከማደያው ሥር ያለው ውሃ፦ ስለ መከታተያ ጉድጓድ ጠይቁኝ

የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ነኝ። ከሥራ ዘመኔ ብዙውን ያሳለፍኩት ማደያ ግቢ ውስጥ፣ ጣሳ በምታክል ጉድጓድ አፍ ላይ ተደፍቼ ነው። ያላችሁን ጥያቄ ወዲህ በሉ።

ጋሼ፣ ካዛንቺስ አንድ ማደያ ግቢ ውስጥ ትናንሽ የብረት ክዳኖች አየሁ። ሠራተኛው «ውሃ መመርመሪያ ነው» አለኝ። እንዴት ነው የሚሠራው?

መከታተያ ጉድጓድ ይባላል፤ ከማደያው ታንክ የፈሰሰ ነዳጅ ከሥር ያለው ውሃ ውስጥ መግባቱን የምናይበት ነው። ውስጡ ሁለት ወይም አራት ኢንች የፒቪሲ ቱቦ ነው። ቱቦው ታችኛው ክፍሉ ላይ በቀጫጭኑ የተሰነጠቀ ነው፤ ውሃው በዚያ ይገባል። በቱቦውና በመሬቱ መሀል የታጠበ አሸዋ ይሞላል። ከአሸዋው በላይ ቤንቶናይት የሚባል፣ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ ይደረግበታል። ይሄ ካልታሸገ ግቢው ላይ የፈሰሰ ናፍጣ በቱቦው ጎን ወርዶ ጉድጓዱን ራሱ ይበክለዋል። ክዳኑም መቆለፍ አለበት። የቦቴ ረዳት የታንኩ አፍ መስሎት ነዳጅ እንዳይገለብጥበት! አትሳቅ፣ በዓለም ላይ ሆኖ ያውቃል።

አንድ ጉድጓድ አይበቃም?

አይበቃም። ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ቢያንስ ሦስት ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ ያውም በአንድ መስመር ሳይሆን በሦስት ማዕዘን። የውሃውን ከፍታ በሦስቱም ለክተህ ቁልቁለቱን ታወጣለህ። አዲስ አበባ በጥቅሉ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ታዘቀዝቃለች፣ ውሃውም በአብዛኛው ወደ ደቡብ ነው። መሀል ከተማ ግን ከአፈሩ ሥር ያለው ባዛልትና ሌላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ውሃው የሚሄደው በስንጥቁ ነው፤ ስንጥቅ ደግሞ ካርታ አይጠይቅም። የቀበናና የባንትይቀጡ ወንዞችም በአቅራቢያቸው ያለውን ውሃ ወደ ራሳቸው ይስባሉ። ስለዚህ «ወደ ደቡብ ነው» ብሎ ከማደያው በስተደቡብ ብቻ መቆፈር ለኔ የሰነፍ ሥራ ነው።

የሆቴላችን የውሃ ጉድጓድ ከ150 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ከሱ ብንመረምርስ?

ለምትጠጡት ውሃ አዎ፣ መርምሩ። የማደያን መፍሰስ ለመያዝ ግን አይሆንም። አንድ ሊትር ቤንዚን 750 ግራም ገደማ ነው፣ ናፍጣ 840 ገደማ፤ ሁለቱም ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ። የመከታተያ ቱቦው ስንጥቅ ሲቆፈር መጀመሪያ የሚገኘውን ውሃ ገጽ ከላይም ከታችም ማካተት አለበት። የናንተ ቱቦ እዚያ ላይ ድፍን ከሆነ ነዳጁ በአጠገቡ ቢያልፍም አታዩትም።

ነሐሴ ላይ ለክተው «የሚንሳፈፍ ነዳጅ የለም» ብለው ሪፖርት ሰጡን። ተገላገልን ማለት ነው?

ቀስ በሉ። ስንት ሪፖርት አሳስቷል ይሄ ነገር! በክረምት ውሃው ከፍ ይላል። ነዳጁ ግን በአፈርና በስንጥቅ መሀል ተይዞ ከውሃው ገጽ በታች ይቀራል። ጉድጓዱ ንጹሕ ይመስላል። በጋ ገብቶ ውሃው ሲወርድ ነዳጁ ይለቀቅና ወደ ጉድጓዱ ይመጣል። ግንቦት ላይ ድገሙት፣ ክረምቱ ገና ሳይገባ። አንድ ዓመት ሙሉ በየሦስት ወሩ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ሌላም አለ፦ የሚንሳፈፍ የለም ማለት የሟሟ የለም ማለት አይደለም። የሟሟውን የሚነግራችሁ ላብራቶሪ ብቻ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ አሥር ሳንቲ ሜትር ነዳጅ ብታዩ መሬቱም ያንን ያህል ይዟል ብላችሁ አትደንግጡ፤ ጉድጓዱ አብዛኛውን ጊዜ አጋንኖ ነው የሚያሳየው።

ሳምፕል ስንወስድ ምን እንጠንቀቅ?

ቱቦው ውስጥ የቆመውን ውሃ ሦስት እጥፍ ያህል አውጥታችሁ ጣሉ፣ ከዚያ ቅዱ። ጠርሙሷ 40 ሚሊ ሊትር የመስታወት ናት። ገልብጣችሁ እዩዋት፤ የአየር አረፋ ካለ ድገሙ። በበረዶ ሳጥን ትሂድ። ጄኔሬተር ነዳጅ በሞላችሁበት ጓንት ግን አትንኳት፣ በናታችሁ።

የግቢያችን ጉድጓድ ውሃ ምንም አይሸትም። አፍልቼ ብጠጣው ምን አለበት?

እናቴ፣ አፍንጫዎን አይመኑ። ነዳጁ ውስጥ ካሉት ኬሚካሎች ክፉው ቤንዝን ነው (ከነዳጁ ከቤንዚን ጋር ስሙ ያምታታል፣ ምን ይደረግ)፤ ካንሰር ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው። ምላስ የሚለየው ግን ግማሽ ሚሊ ግራም አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ሃምሳ እጥፍ! ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ቤንዝንን ግን ኩሽና ውስጥ ይበትነዋል፣ ይተነፍሱታል። ላብራቶሪ ሲሄዱ «የውሃ ምርመራ» ብቻ አይበሉ። የተለመደው ምርመራ ባክቴሪያና ማዕድን ነው የሚያየው። «ቢቴክስ ይታይልኝ» ይበሉ፤ ቤንዝንና መሰሎቹ የነዳጅ ኬሚካሎች ማለት ነው። ውጤቱ እስኪመጣ የቧንቧ ውሃ ይጠጡ።

ፍልውሃስ ያሰጋል?

ፍልውሃ ከጥልቅ በስንጥቅ ወደ ላይ የሚወጣ ውሃ ነው። ነዳጅ ደግሞ ላይ ላይ ይንሳፈፋል። ወደ ምንጩ ጥልቀት ይወርዳል ብዬ አልሰጋም። ገጹ አጠገብ ከጎን ከሚመጣ ውሃ ጋር እንዳይቀላቀል ግን ዙሪያውን መጠበቅ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ማደያዎቹ ሲዘጉ ችግሩ አብሮ አይሄድም?

መኪናው ይሄዳል፣ ታንኩ ግን መሬት ውስጥ ነው። የፈሰሰውም እንዲሁ። ቦታው ላይ ፎቅ ሊሠራ ከሆነ ጉድጓዶቹ የመሠረት ቁፋሮ ሳይጀመር ይቆፈሩ። ያን ጊዜ የቁፋሮ ማሽኑ እንደልብ ይገባል። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ደውላችሁ ብትጠሩኝ ምን ላደርግላችሁ እችላለሁ?