ያረጀ የጥድ ቋሚ ገበቴ ሲሆን ለምን ይሰነጠቃል?

ጥያቄው አራት ኪሎ አካባቢ ከሚሠራ ወጣት የመጣ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ፒያሳ ከፈረሱ አሮጌ ቤቶች የወጣ የጥድ ቋሚ ገዝቼ በቶርኖ ማሽን እያሽከረከርኩ ለጌጥ የሚሆን ገበቴ አወጣሁ። ቤቱ አያቴ ሳትወለድ የተሠራ ስለሆነ እንጨቱ ደርቆ አልቋል ብዬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከአፉ እስከ መቀመጫው ተሰነጠቀ። የቀባሁት የተልባ ዘይትም እስካሁን እጅ ላይ ይጣበቃል። ጥፋቱ የእንጨቱ ነው ወይስ የእኔ?»

ወንድሜ፣ እንጨቱ ምንም አልሆነም፤ በጣም ጥሩ እንጨት ነው። የሰነጠቀው ገበቴው ውስጥ የቀረው እምብርት ነው። የላክልኝን ፎቶ አጉልተህ እየው፤ መቀመጫው መሀል ላይ ቀለበቶቹ ሁሉ የሚዞሯት ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለች። ስንጥቁ የተነሣው ከእሷ ነው፤ በመቀመጫው አልፎ በሆዱ በኩል ወደ አፉ ወጣ።

እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም። ቀለበቶቹን ተከትሎ በዙሪያው የሚኮማተረው ከእምብርቱ ወደ ልጡ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። በቁመቱ ግን የሚኮማተረው ኢምንት ነው። ቀለበቱ ሙሉ ክብ ሆኖ ሲቀር ዙሪያው ይጠብባል፣ መሀሉ አይከተለውም፣ ስለዚህ የግድ አንድ ቦታ ይከፈታል። ይህን የሚያስቆም ዘይትም ኮላም የለም። እምብርቱን አውጥተህ ክቡን ስትሰብረው ግን ገበቴው ትንሽ ሞላላ ይሆናል እንጂ እንዲህ አይሰነጠቅም።

«ደርቋል» ያልከውን ደግሞ እንየው። ቋሚው ጭቃ ግድግዳ ውስጥ፣ እግሩ መሬት ውስጥ ተቀብሮ የኖረ ነው። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ደግሞ ሜዳ ላይ ተከምሮ ክረምት ዘንቦበት ይሆናል። እንጨት አየሩን ይከተላል፦ የአየሩ እርጥበት 80 በመቶ ሲሆን የእንጨቱ ውኃ ወደ 16 በመቶ ይጠጋል፤ አየሩ ወደ 50 ሲወርድ ወደ 9 ይወርዳል። የአዲስ አበባ ነሐሴና የአዲስ አበባ ጥር የሚራራቁት በዚህ ያህል ነው። በነሐሴ የተሠራ ቀጭን ገበቴ ኅዳር ላይ ሌላ ቅርጽ ቢይዝ አይግረምህ። ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግህም፤ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ቁራጩን መዝን፣ ክብደቱንና ቀኑን በእርሳስ እዚያው ላይ ጻፍ፣ በየሳምንቱ ደግመህ መዝን። ሚዛኑ ለሦስትና አራት ሳምንት ካልተንቀሳቀሰ ደርቋል፤ የሚቀንስ ከሆነ ታገሥ።

አሁን ወደ አቆራረጡ እንሂድ፤ ሥራው የሚበላሸውም የሚቃናውም እዚህ ላይ ነው። ያረጀ ቋሚ ሲደርቅ በኖረበት ዘመን የራሱን ስንጥቅ ፈጥሯል፤ ብዙው ለዓይን አይታይም። ስለዚህ ከጫፉ አንድ ጣት ያህል ቆርጠህ ጣል፣ ቀጥሎ 1 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ስስ ቁራጭ ቁረጥና በሁለት እጅህ ይዘህ ቀስ ብለህ አጉብጠው። ጤነኛ ከሆነ ይቋቋምሃል። የተሰወረ ስንጥቅ ካለው እዚያው መስመሩ ላይ ቀጥ ብሎ «ቀጭ» ይላል፤ የተሰበረውን ፊት ስታየው ጠርዙ ጠቆር ብሎ አቧራ ገብቶበታል፣ አዲስ ስብራት ግን ደማቅ ቀይ ሆኖ ይሸታል። ጠንካራ ቁራጭ እስክታገኝ ድረስ እየቆረጥክ ግባ። አንዳንዱ ቋሚ ግማሹ በዚህ ያልቃል፤ ያው የሚጣለውን ለትናንሽ እጀታና ለክዳን ጉብታ አስቀምጠው።

ጤነኛውን ካገኘህ በኋላ እምብርቱ ላይ በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቀው፣ ከእያንዳንዱ ግማሽ እምብርቱን ይዞ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ላጥና አውጣ። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ቋሚ የሚወጣልህ 8 ወይም 9 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ገበቴ ነው፤ ከዚያ በላይ አትመኝ። ትልቅ ከፈለግህ ጣውላዎቹን እንደ በርሜል አጋጥመህ በኮላ አያይዝ፤ መጋጠሚያው በትክክል ከተላገ ያምራል፣ ጥንካሬውም አያሳስብም።

ምስማሩን አትርሳ። አንገቱ ተቆርጦ ውስጥ የቀረ ምስማር መሮህን ይሰብራል፣ ፊትህንም ያገኛል። ጠንካራ ማግኔት በክር አንጠልጥለህ እንጨቱን በሙሉ ዳስሰው። ወይራ ወይም ባሕር ዛፍ ከሆነ ምስማሩ የነበረበት ዙሪያ ሰማያዊ ጥቁር ሆኖ ታየዋለህ፤ እንጨቱ ውስጥ ያለው ጣኒን የሚባል ንጥረ ነገር ከብረቱ ጋር ሲገናኝ የሚሠራው ቀለም ነው። እኔ ያን ጥቁር አላጠፋውም፤ የቤቱ ታሪክ ነው። አሮጌ ቀለም የተቀባ በር ወይም መስኮት ከሆነ ደግሞ በደረቁ አትፋቀው፤ የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል፣ እያረጠብክ ፋቀው፣ ፍቅፋቂውንም ሰብስበህ ጣለው። የጥድ ብናኝም ሳምባ ይቆጣል፣ ጭንብል አድርግ።

ቶርኖው ላይ በሁለት ዙር ሥራ። በመጀመሪያው ዙር የግድግዳውን ውፍረት የአፉ ስፋት አንድ አሥረኛ አድርገህ ተወው፤ አፉ 18 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ። በንጹሕ የሲሚንቶ ወረቀት ጠቅልለህ ጥላ ቦታ አስቀምጠው፣ ሚዛኑ እስኪቆም አትንካው። ከዚያ በሁለተኛው ዙር ሞላላ የሆነውን አስተካክለህ ጨርስ። ዙሪያው ያልተስተካከለ ሻካራ ቁራጭ በደቂቃ ከ500 ዙር በላይ አታስኪደው፤ ከተስተካከለ በኋላ 1000 ይበቃዋል። አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ልንገርህ፦ መብራት ሲሄድ ወዲያውኑ ማብሪያውን ዝጋው። እጅህ ገበቴው ውስጥ እያለ መብራት ከመጣ የሚሆነውን አልነግርህም።

ጥድ ሙቀት አይወድም። የብርጭቆ ወረቀት አንድ ቦታ ላይ አጥብቀህ ከያዝክ ፊቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ይወጣሉ፣ ብዙ ሰው «ከድርቀት ነው» ይላል፣ ግን ከግለት ነው። ጣትህን ካቃጠለህ እንጨቱን አቃጥለኸዋል። ስለታም መሮ ጥሩ ፊት ከሰጠህ ከ120 ቁጥር ወረቀት ጀምረህ በ180 አድርገህ በ240 ጨርስ፣ አዲስ ወረቀት ተጠቀም፣ ቶሎ ቶሎ አንሣ።

አሁን የማይደርቀው ዘይትህ። ጥድ የራሱ ዘይት አለው፤ ያ የምትወደው ሽታ እሱ ነው፤ የተልባ ዘይት እንዳይደርቅ የሚይዘውም እሱ ነው። ለምግብ የተጨመቀ ጥሬ የተልባ ዘይት ከነጭራሹም ዘገምተኛ ነው። ያለውን በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛው) በደንብ ጠርገህ አውጣው፣ ነፋስ ያለበት ጥላ ላይ ለቀናት ተወው። ከዚያ በ100 ሚሊ ሊትር ስፒሪት 12 ግራም ያህል ጎማላካ (እንደ ቫርኒሽ የሚቀባ ሙጫ) አሟሟና ሁለትና ሦስት ጊዜ በስሱ ቀባው፤ ጎማላካ የጥዱን ዘይት ዘግቶ ያስቀምጣል። በላዩ ሰም። ጠጅ ከሚጥሉ እናቶች ሰፈፍ ግዛ፣ ሙቅ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጠህ በነጠላ ጨርቅ አጥልለው። ንጹሑን 1 እጅ ሰም ከእሳት አርቀህ በ3 እጅ አኳራጅ ለውሰው፣ ሲቀዘቅዝ በጨርቅ እሸው። ገበቴው ማር የነካው ሽታ ይዞ ይቀራል። ምግብ ግን አይቀርብበትም፤ የጥድ ሽታ ምግቡን ያበላሻል፣ ለጌጥ ይሁን።

ዘይት የጠረግህበትን ጨርቅ ኳስ አድርገህ ጥግ አትጣለው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይግላል፤ የተጨማደደ ጨርቅ በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው፣ ወይም ውኃ ውስጥ ንከረው።

የተሰነጠቀውን ገበቴ አትጣል፣ በሞርሳ ጨቁነህም ኮላ አታድርግበት፤ እዚህ ብትዘጋው ሌላ ቦታ ይከፈታል። እስከ በጋ ድረስ ተወው፣ ስንጥቁ የሚያበቃበትን ያሳይሃል። ሲያበቃ በግራና ቀኙ ትናንሽ ቀዳዳ ብሳ፣ በውኃ የራሰ ጠፍር አሳልፈህ ስፋው። ጠፍሩ ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል፣ እንጨቱም የመንቀሳቀሻ ቦታ ያገኛል። ፀጉር የቀጠኑትን ስንጥቆች ደግሞ የበሬ ቀንድ በሞረድ ፍቀህ ዱቄቱን በሱፐር ግሉ ሙላቸው፤ የተፈጨ ቡናም ይሆናል፣ ግን ቀንዱ ሲወለወል ያበራል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከፒያሳና ከካዛንቺስ የወጣ የጥድ እንጨት ለማገዶ ሲሄድ ያንገበግበኛል። ጥድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ዛሬ ያረጀ የጥድ ደን ለማየት እንደ ሱባ መናገሻ ያለ ደን ድረስ መሄድ አለብህ። ሻጩ «ባሕር ዛፍ ነው፣ ጥድ ነው» እያለ ሲደባልቅብህ ጫፉን በቢላ ላጥ አድርገህ አሽትተው፤ ቀይና የሚሸተውን ለይተህ ውሰድ። የሚቀጥለውን ቋሚ ስትገዛ ከመሬት የተቀበረውን እግር አስቆርጠህ ተው፣ ከላይኛው ግማሽ ውሰድ፤ ዋጋውንም በቁመቱ ሳይሆን በጤነኛው ክፍል ተከራከር።