«ና» ብዬ የመታሁት ውሻ

ልጆች፣ ከመንገድ ውሻ አንስታችሁ የምታሳድጉ ሰሞኑን በዝታችኋል። ደስ ይለኛል። በእኛ ጊዜ ውሻ ማለት በር ላይ ታስሮ የሚጮህ ዘበኛ ነበር። ሁላችሁም ግን የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ዶክተር፣ ስጠራው አይመጣም።» ሰላሳ ምናምን ዓመት እንስሳ ሳክም ኖሬአለሁ። የዚህን መልስ ግን ያስተማረኝ ቡላ ነው።

ቡላን ያገኘሁት ሰፈራችን ያለ ሉካንዳ ቤት ደጃፍ ነው። ጆሮው የተቀደደ፣ የጎን አጥንቱ የሚቆጠር ወጠጤ። ከትቤ፣ የትል መድኃኒት ሰጥቼ ግቢ አስገባሁት። (ክትባቱን እናንተም እንዳትዘሉት። ሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው።) በሁለት ሳምንት «ና» ስለው እየሮጠ ይመጣ ጀመር። ጎበዝ ነኝ አልኩ።

የፋሲካ ሰሞን አንድ ሰው በጎች እየነዳ በበራችን ሲያልፍ ቡላ ሾልኮ ወጣና በጎቹን በተናቸው። እኔ በነጠላ ጫማ እየሮጥኩ «ና! ና አንተ!» እላለሁ፣ ሰፈርተኛው ይስቃል፣ ባለበጉ ይሳደባል። በመጨረሻ መጣ። ጅራቱን በእግሮቹ መሃል ወሽቆ፣ በሆዱ እየተሳበ፣ ግን መጣ። እኔም በጫማዬ አቀመስኩት።

ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ሜትር ላይ ይቆማል። ያየኛል፣ አይጠጋም። እኔ የቀጣሁት ስለሸሸ መስሎኝ ነበር። በእሱ ሂሳብ ግን የተመታው በጎቹን ሲያባርር አይደለም፤ ሲመጣ ነው።

እናንተ ባትመቱትም ይህንኑ በሌላ መንገድ ታደርጉታላችሁ። ጠዋት «ና» ብላችሁ በሰንሰለት ታስሩታላችሁ። «ና» ብላችሁ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቡታላችሁ። ሲጫወት ቆይቶ ትጠሩትና ጨዋታው ያልቃል። እሱ ሞኝ አይደለም። አስር ጊዜ ስትጠሩት ዘጠኙን አንገቱን ያዝ አድርጋችሁ፣ አጉርሳችሁ መልሳችሁ ልቀቁት። ለማጠብና ለማሰር ከፈለጋችሁ ሳትጠሩ ራሳችሁ ሂዱ።

ሌላው፣ የፈረንጅ ቪዲዮ ላይ «ጎንበስ ብላችሁ ጥሩት» ሲሉ ትሰማላችሁ። የእኛ የመንገድ ውሻ ሰው ጎንበስ ሲል ድንጋይ ሊያነሳ ነው ብሎ ነው የሚያውቀው። እስኪ ሰፈራችሁ ያለ አንድ ውሻ ፊት ጎንበስ በሉ፣ ጅራቱን ነው የምታዩት። ስለዚህ መጀመሪያ ቀጥ ብላችሁ፣ ጎናችሁን ሰጥታችሁት ቁሙ። ጎንበስ ማለቱን በኋላ፣ ቀስ በቀስ፣ ከጉርሻ ጋር አለማምዱት።

ለቡላ «ና» የሚለው ቃል ስለተበላሸ ፊሽካ ገዛሁ። ፊሽካ አይቆጣም፣ ድምፁ ሁሌም አንድ ነው። ፉት! ከዚያ ወዲያው ጉርሻ። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። እጃችሁ ቀድሞ ኪስ ከገባ ውሻው የሚማረው ኪሳችሁን ማየት ብቻ ነው። ጉርሻው የተቀቀለ ጉበት ይሁን፣ በባቄላ ፍሬ መጠን ክተፉት። ጨው አይግባበት፣ ሽንኩርት ደግሞ በፍጹም፤ ሽንኩርት የውሻ ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ጥሬውንም አትስጡ። የበግ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውሃ የቋጠረ የትል ከረጢት ሊኖር ይችላል፤ እሱ ውሻውን የኮሶ ዘመድ የሆነ ትንሽ ትል ያስይዘዋል፣ የትሉ እንቁላል ደግሞ ከውሻው ወደ እናንተ ተላልፎ ጉበታችሁ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። ደረቅ ዳቦ ይዛችሁ ከሉካንዳ አጥንት ጋር ልትወዳደሩ ካሰባችሁም ተዉት።

መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ሙከራ። ከዚያ በሩ ተከፍቶ። ከዚያ ሜዳ ላይ፣ አስር ሜትር ገመድ መሬት ላይ እየተጎተተለት። ገመዱን አንገቱ ላይ ሳይሆን ደረቱን በሚይዘው ማሰሪያ ላይ እሰሩ፣ እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙት፤ እኔ መዳፌ ተልጦ ነው ያወቅኩት። አንዴ ብቻ ጥሩ። ካልመጣ ገመዱን ረግጣችሁ ወደ እሱ ሂዱ። ድመት ወይም ፍየል ካየና ከፈዘዘ ቅርብ ነው ያላችሁት፣ ራቅ በሉና እንደገና ጀምሩ። ደግሞ በምንም ዓይነት አታባርሩት፤ እናንተ ስትሮጡ ጨዋታ ይመስለዋል። ፊታችሁን አዙራችሁ በተቃራኒው ሩጡ፣ ይከተላችኋል። መኪና ባለበት ግን አምስት ዓመት ቢሰለጥንም ገመዱ አይፈታ።

ቡላ ወር ከምናምን ሜዳ ላይ በገመድ ቆይቶ ነው ከበግ ፊት ዞሮ የመጣልኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ጉበቱን በሙሉ አፈሰስኩለት።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩበትም ነበር። አንድ ቀን አደባባዩ አጠገብ ስናልፍ ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን ሲነፋ ቡላ ገመዱን ከእጄ አስጥሎኝ በረረ። ደግነቱ መኪኖቹ ቆመው ነበር። ስደርስ ፖሊሱ ፊት ቁጭ ብሎ፣ ጅራቱን እየቆላ፣ ጉርሻውን ይጠብቃል። ከዚያ ወዲህ ሁለት አጭር አጭር ነው የምነፋው።