የካሜራ ክንድ ለቤት ስቱዲዮ፦ ከጎንደር የመጡ ጥያቄዎችና መልሶች

ጎንደር ውስጥ ቤታቸውን ስቱዲዮ ያደረጉ ልጆች በዝተዋል። ጥያቄያቸው ስለ ካሜራው ሳይሆን፣ ካሜራውን ስለሚሸከመው ክንድ ሆኗል። የማውቀውን ልመልስ።

ከማራኪ፦ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር ክንድ ልገዛ ነው። ሻጩ «5 ኪሎ ይሸከማል» ይላል። ካሜራዬ ከነሌንሱ 2 ኪሎ አይሞላም። ይበቃኛል?

5 ኪሎው ክንዱ ተሰብስቦ ነው ወይስ ተዘርግቶ? መጀመሪያ ይህን ጠይቀው። መገጣጠሚያውን የሚፈትነው ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ርቀቱም ነው። 30 ሳንቲም ላይ የነበረ ካሜራ 90 ሳንቲም ላይ ሲሄድ ጫናው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ለምሳሌ ካነን 5ዲ ማርክ 4 ካሜራ ከነባትሪው 890 ግራም ገደማ ነው። 24-70 ሌንስ (ኤፍ 2.8፣ ሁለተኛው ስሪት) 805 ግራም ይመዝናል። ይኸው 1.7 ኪሎ ሆነ፤ ማይክና መብራት ገና አልተጨመረም። እኔ የምለው፣ የተጻፈው ቁጥር ቢያንስ የዕቃህን ሁለት እጥፍ ይሁን። ደግሞ ካሜራህን ይዘህ ሱቅ ሂድ። ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግተህ ስቀልበትና ጥቂት ጠብቅ፤ ከሥሩ ግን እጅህን አታርቅ። ዝቅ ካለ ተወው። ሻጩ ካኮረፈም ያኩርፍ።

ጠረጴዛዬ ቺፑድ ነው። ክላምፑ (ጠረጴዛውን ቆንጥጦ የሚይዘው ማሰሪያ) አይሰብረውም?

ሊሰብረው ይችላል። ከላይም ከታችም መዳፍ የሚያህል ላሜራ ወይም ጠንካራ ጣውላ አስገባና ከዚያ አጥብቅ። ጫፉ ላይ ሳይሆን የጠረጴዛው እግር ባለበት በኩል እሰረው።

የማይክ ክንድ አለኝ። ካሜራ ልስቀልበት?

ስልክ ከሆነ ይሁን። ካሜራ ግን አይሆንም። እነዚያ ክንዶች በስፕሪንግ የሚሠሩ ናቸው፤ ስፕሪንጉ የተመጠነው ለማይክ ነው።

ብየዳ ቤት ባሠራውስ? የተገዛውን ያህል ይጠነክራል?

ብረቱ እንዲያውም ሊበልጥ ይችላል። የኛ በያጆች ቱቦላሬ ላይ የሚያቅታቸው ነገር የለም። ችግሩ ሁልጊዜ ጫፉ ላይ ነው፤ ካሜራው የሚታሰርበት ብሎን ላይ። የካሜራ ቀዳዳ የሚቀበለው 1/4 ኢንች ብሎን ነው፤ ውፍረቱ 6.35 ሚሊሜትር፣ በአንድ ኢንች 20 ጥርስ ያለው። ትልልቅ ትራይፖዶችና የክንድ ራሶች ላይ ደግሞ 3/8 ኢንች ይገኛል። በያጅህ መሳቢያ ውስጥ የሚያገኘው ብሎን 6 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል። ለዓይን አንድ ይመስላሉ። የ6ቱ ጥርስ ርቀት ግን 1 ሚሊሜትር ነው፤ የካሜራው 1.27 ነው። መጀመሪያ ላላ ብሎ ይገባል፤ በግድ ስታጠብቀው የካሜራህን ጥርስ ይበላዋል። ያን ማስጠገን ከክንዱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ስለዚህ ክንዱን አሠራ፣ ራሱን ግን ግዛ። ቦል ሄድ የሚባለውን፣ ካሜራውን በየአቅጣጫው የሚያዞረውን ራስ ገዝተህ፣ ከሥሩ የሚገባውን ብሎን በትክክለኛው ልክ ፈልገህ ለበያጁ ስጠው። ካሜራው ውስጥ የሚገባው ብሎንም አይርዘም፤ የካሜራ ቀዳዳ ጥልቀቱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ክንዱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ በዳዶና በሮንዴላ አሳስረው፤ ሁለት ዳዶ ካጋጠምህበት አይፈታም። ቀለም ከመቀባትህ በፊት ደግሞ ሹል ጠርዙን በሞረድ አስነሣው፤ የካሜራ ገመድ የሚበጣው እሱ ነው።

ከአዘዞ፦ የባልትናና የምግብ ቪዲዮ እሠራለሁ። ከድስቱ በላይ ካሜራ መስቀል ፈራሁ።

እህቴ፣ መፍራትሽ ልክ ነው። ወደ ጎን የተዘረጋ ክንድ ከኋላው ማመጣጠኛ ይፈልጋል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 1.5 ኪሎ ካሜራ ከምሰሶው 90 ሳንቲም ከራቀ፣ በሌላው በኩል 30 ሳንቲም ላይ 4.5 ኪሎ ስቀይ። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ በደረቅ አሸዋ ሲሞላ 3 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ በውሃ ከሆነ 2 ብቻ ነው። የስታንዱ አንዱ እግር ደግሞ በካሜራው አቅጣጫ፣ ከክንዱ ሥር ይዘርጋ። ካሜራውንም በቀጭን የብረት ገመድ ከምሰሶው ጋር እሰሪው፤ ብሎኑ ቢፈታ እንኳ ወጡ ውስጥ አይገባም። ቁሌቱ ሲንተከተክ እንፋሎቱ ቀጥታ ወደ ሌንሱ ስለሚወጣ ካሜራውን ትንሽ ወደ ጎን አዘንብዪው። መብራቱም ከጎን ይምጣ፤ ከላይ ካበራሽው የክንዱ ጥላ እንጀራው ላይ ይጋደማል።

ሰዓሊ ነኝ። ብራና ላይ ስስል ከላይ መቅረጽ እፈልጋለሁ። ቤቱ የጭቃ ነው። ከግድግዳው ልሰረው ወይስ ከኮርኒሱ?

ጋሼ፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴን መላእክት እያየ ያደገ ሰዓሊ ጣሪያ ቢመርጥ አልፈርድበትም። ኮርኒሱን ግን ይተዉት። ብዙ ቤት ኮርኒስ ማለት ቀጭን ሞራሌ ላይ በምስማር የተመታ ቺፑድ ነው። ካሜራው ቢወድቅ የሚያርፈው ብራናዎ ላይ ነው። ይልቅ ግድግዳውን እያንኳኩ ቋሚውን ይፈልጉ፤ እንጨቱ ያለበት ቦታ ድምፁ ይለያል። ረጅም የእንጨት ብሎን ቋሚው ውስጥ ጠልቆ ይግባ። ልስኑን ብቻ የያዘ ፊሸር ውሎ አድሮ ይነቀላል።

የብሎኬት ቤት ያላችሁም አትዘናጉ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ የሚሰፋ ብሎን አጥብቃችሁ ስታስሩበት ስሱ ገጽ ሊሰነጠቅ ይችላል። ኮለን ካለ በትራፓኖ እሱን ብሱት።

የኪራይ ቤት ነው፤ አከራዬ ምስማር እንኳ አታስመታም።

እንግዲያውስ መሬት ላይ የሚቆም ከባድ የብረት ስታንድ ነው ያለህ። እግሩ ላይ አሸዋ ጫንበት።

ኪቦርድ ስነካ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ክንዴ ግን ጠንካራ ነው።

ክንዱ ጠንካራ ቢሆንም የታሰረው አንተ የምትመታው ጠረጴዛ ላይ ነው። ወደ ሌላ ጠረጴዛ ወይም ወደ ግድግዳ አዛውረው። ካልተቻለ ክንዱን አሳጥረው፤ ባጠረ ቁጥር መወዛወዙ ይቀንሳል። ፎቶ ከሆነ የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀም። በሌንሱ ላይ ያለውን የመንቀጥቀጥ መከላከያም አጥፋው፤ ካሜራው ታስሮ ሲቆም አንዳንዱ ሌንስ ራሱ ምስሉን ያንሳፍፈዋል።