አትላንታ በረዶ ይጥላል አይጥልም? ስለ ትንበያ ሞዴሎች ጥያቄና መልስ

የፈረንጆቹ ጥር በገባ ቁጥር ያ ካርታ ይመጣል። ጆርጂያና ካሮላይና ሐምራዊ ተቀብተው፣ መሀላቸው ትልልቅ ቁጥር ተጽፎ። ዘንድሮም ለሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ የተባለው ካርታ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ሜትሮሎጂስት አይደለሁም። ግን ሞዴሎቹን፣ ማለትም አየሩን አስልተው የሚተነብዩትን የኮምፒውተር ፕሮግራሞች፣ መከታተል ከያዘኝ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጠየቃችሁ። ቀኖቹና ዓመቶቹ በፈረንጅ፣ ሰዓቶቹ በሐበሻ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ የአትላንታ ነው።

ከክላርክስተን፦ ወንድሜ፣ የደረሰኝ ካርታ ከዘጠኝ ቀን በኋላ አትላንታ 14 ኢንች በረዶ ይጥልባታል ይላል። ልጆቹን ይዤ ፍሎሪዳ ልሂድ?

አትሂድ። ያየኸው ካርታ የአሜሪካው ሞዴል የጂኤፍኤስ የአንድ ዙር ውጤት ነው። ጂኤፍኤስ በቀን አራት ጊዜ ይሠራል፤ በየዙሩም እስከ 16 ቀን ድረስ ይተነብያል። ስለዚህ ካርታ አይቸግረውም። በዚህ ወር የዘጠኝ የአሥር ቀኑን ከተመለከትክ፣ አንዱ ዙር ላይ የሆነች የደቡብ ከተማ በረዶ ተጭኗት ማግኘትህ አይቀርም። ከስድስት ሰዓት በኋላ ስታየው በረዶው ቴነሲ ገብቷል፣ ወይ ጭራሽ የለም።

ከእንዲህ ዓይነት ካርታ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከሰሜን የሚወርደው ብርድና ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚነሳው እርጥበት የመገናኘት ዕድል አላቸው ወይ? አሁን አላቸው። ኢንቹን ተወው።

ከዳላስ፦ ሁሉም "ዩሮ ይሻላል" ይላል። እውነት ነው?

በአማካይ አዎ። ዩሮ የሚሉት ዋና መቀመጫው እንግሊዝ፣ ሬዲንግ ከተማ የሆነው የአውሮፓ ትንበያ ማዕከል ሞዴል ነው። ለዓመታት ተመዝኖ ከፊት የሚገኘው እሱ ነው። ግን ሰዉ እንደ አርሰናልና እንደ ማንዩ ደጋፊ ተከፍሏል፤ የሚፈልገውን በረዶ ያሳየውን ሞዴል ይደግፋል። ዩሮም ይስታል። ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥ ይልቅ ኢንሰምብሉን ማየት ይበጃል።

እሱስ ምንድን ነው?

አንዱን ሞዴል መነሻውን በጥቂቱ እየነካኩ ደጋግመው ያስኬዱታል። አውሮፓው 51 ጊዜ፣ አሜሪካው 31 ጊዜ። ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1963 እንዳሳየው፣ መነሻው ላይ ያለች ኢምንት ልዩነት ከቀናት በኋላ ፍጹም ሌላ አየር ልታመጣ ትችላለች። ዛሬ ያለውን አየር ደግሞ ማንም በትክክል ለክቶ አይጨርሰውም። ስለዚህ አንድ መልስ ሳይሆን የመልሶች ስብስብ ያወጣሉ።

ከ51ዱ ስምንቱ ብቻ አትላንታ ላይ በረዶ ካሳዩ እተኛለሁ። በቀጣዮቹ ዙሮች ስምንቱ ሃያ፣ ሃያው ሠላሳ አምስት እየሆነ ከሄደ ግን ጆሮዬ ይቆማል። አማካዩ ግን እንዳይሸውዳችሁ። "አማካይ 2 ኢንች" ሲባል 45ቱ ዜሮ፣ 6ቱ 17 ኢንች ብለው ሊሆን ይችላል። ሁለት ኢንች ያለ አንድም የለም!

ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚወጡት? ባለቤቴ "ሌሊት ሌሊት ከማን ጋር ነው የምታወራው" ማለት ጀምራለች።

ለትዳርህ ስል እነግርሃለሁ። የጂኤፍኤስ ዋና ዙር ከማታው 4 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይወጣል። ዩሮ ከሌሊቱ 7 ሰዓት አካባቢ ነው። ሁለቱም በቀን ደግሞ ይመጣሉ፤ ጂኤፍኤስ ረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል፣ ዩሮ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ። የቀኖቹን ብቻ ብታይ ምንም አይቀርብህም።

ከሻርሎት፦ ለምን ነው በየዙሩ የሚቀያየሩት? ኮምፒውተሩ ይኼን ያህል ትልቅ ከሆነ?

ኮምፒውተሩ ሳይሆን መረጃው ነው። ማዕበሉን የሚያስነሳው የአየር ሞገድ ገና ሰሜን ፓስፊክ ላይ ነው። የብስ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ መለኪያ የተሸከመ ፊኛ ወደ ሰማይ ይለቀቃል። ሙቀቱን፣ እርጥበቱን፣ ነፋሱን እየለካ ይወጣል። ውቅያኖስ ላይ ግን ፊኛ የሚለቅ ጣቢያ ከጥቂት ደሴቶች በስተቀር የለም። ሳተላይት አለ፤ አንዳንዴም አውሮፕላኖች እየበረሩ መለኪያ ይጥላሉ። እንደ ፊኛው መረብ ግን አይሆንም። ሞገዱ ካሊፎርኒያን ወይም ዋሽንግተን ስቴትን ሲረግጥ ሞዴሎቹ መግባባት ይጀምራሉ። እሱም ብዙ ጊዜ ማዕበሉ ሊደርስ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው ነው።

ከአትላንታ፦ ባለፈው "በረዶ" ተብሎ ዝናብ ብቻ ዘነበ። ውጭው 33 ዲግሪ ፋራናይት ነበር። እንዴት ነው ነገሩ?

የደቡብ ጣጣ ይኼ ነው፤ ትንሽ ላብራራው። በረዶው ሲነሳ ደመናው ውስጥ ነጭ በረዶ ነው። ወደ መሬት ሲወርድ ምን ዓይነት አየር አቋርጦ ነው የሚመጣው? እስከ ታች ብርድ ከሆነ፣ ነጭ በረዶ ሆኖ ይደርሳል። ግን ከባሕረ ሰላጤው የሚመጣ ሙቅ አየር መሀል ላይ፣ ከመሬት አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ ብዙ ጊዜ ሰርጎ ይገባል። እዚያ በረዶው ይቀልጣል።

ከዚያ በታች ያለው ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ከሆነ፣ ጠብታው መንገድ ላይ ረግቶ እንደ ጠጠር ይወርዳል። መስኮት ላይ ጠጠር ሲበተን የሚሰማው ድምፅ ያ ነው። ቀዝቃዛው አየር ስስ ከሆነ ደግሞ ዝናብ ሆኖ ይወርድና የነካው ነገር ላይ ይረጋል። ቅርንጫፍ፣ የመብራት ገመድ፣ ደረጃ፣ አስፋልት። የምፈራው ይኼኛውን ነው። ሩብ ኢንች ከረጋ፣ በአብዛኛው ቦታ የከባድ በረዶ ማስጠንቀቂያ የሚያስወጣ ነው። ዛፍ ይሰብራል፣ ገመድ ይበጥሳል። ስምንት ኢንች ነጭ በረዶ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ግማሽ ኢንች የረጋ ዝናብ ሰፈሩን ለቀናት ጨለማ ያደርገዋል።

ያ ሙቅ አየር በአንድ ዲግሪ ከፍ ወይ ዝቅ ሲል ነው ሁሉም የሚቀየረው። ካርታው ላይ ግን አንድ ዲግሪ አይታይም። ብዙ የበረዶ ካርታዎች ደግሞ የሚወርደውን ውሃ በአሥር ያባዙታል፤ አንድ ኢንች ውሃ፣ አሥር ኢንች በረዶ። ጠጠሩንም እንደ ነጭ በረዶ ቆጥረው። ጠጠር ከሁለትና ሦስት እጥፍ አያልፍም። "18 ኢንች" የሚሉ ካርታዎች ብዙዎቹ የሚወለዱት እዚህ ነው።

ከጉዊኔት ካውንቲ (ከአትላንታ ሰሜን ምሥራቅ)፦ ጓደኞቼ "ዌጅ" ሲሉ እሰማለሁ። እኛን ይመለከታል?

እናንተን ነው በተለይ የሚመለከተው። ኒው ኢንግላንድ ወይም ደቡብ ምሥራቅ ካናዳ ላይ ከባድ ከፍተኛ ግፊት ሲቀመጥ፣ ደረቅ ብርዱ የአፓላቺያን ተራሮችን ምሥራቃዊ ጎን ተከትሎ ወደ ደቡብ ይንሸራተታል። ዌጅ የሚሉት ይኼን ነው። ብርዱ ተራራውን መሻገር አይችልም፤ ከባድ ነው። ቨርጂኒያን፣ ሻርሎትን፣ ግሪንቪልን አልፎ ሰሜን ምሥራቅ ጆርጂያ ይገባል። እናንተ ጋ 30 ዲግሪ ሆኖ የሚረጋ ዝናብ ሲወርድ፣ ከአትላንታ ደቡብ ምዕራብ ያለ ሰው 38 ዲግሪ ላይ ጃንጥላ ይዞ ይሄዳል።

ትልልቆቹ ሞዴሎች ይኼን ብርድ ቶሎ የማስለቀቅ አመል አላቸው። ብርዱ መሬቱን ሙጭጭ ይላል፣ እነሱ "ሄዷል" ይላሉ። ማዕበሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ባለ 3 ኪሎ ሜትሮቹን ሞዴሎች፣ ማለትም አየሩን በየ3 ኪሎ ሜትሩ ከፋፍለው የሚያሰሉትን፣ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ባለ 3 ኪሎ ሜትሩ ናም እስከ 60 ሰዓት ይሄዳል። ኤችአርአርአር በየሰዓቱ ይታደሳል፤ ለመጨረሻው ቀን ጥሩ ነው።

ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ፦ እኛ ጋ ተራራ የለም። ታዲያ ለምን ነው የምንቀዘቅዘው?

ተራራ ስለሌለ ነው። ከካናዳ እስከ እናንተ ሜዳ ነው፤ የሚያቆመው የለም። የካቲት 16 ቀን 2021 ዳላስ ከዜሮ ፋራናይት ሁለት ዲግሪ በታች ወርዳ ነበር። ያ ብርድ ቀናት ቀድሞ ታውቋል፤ ሞዴሎቹን የምንወቅስበት አይደለም። ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጡ። ስቴቱ የቆጠረው ሟች 246 ነው። ከሟቾቹ የእኛ ሰዎችም ነበሩበት፤ ነፍስ ይማር።

ታክሲ እነዳለሁ። ሁለት ኢንች በረዶ አትላንታን ያን ያህል እንዴት ይዘጋታል? ሚኒሶታ ይስቁብናል።

ይሳቁ። ጥር 28 ቀን 2014 የወረደው ሦስት ኢንች እንኳ አይሞላም። ማስጠንቀቂያው ሳይነጋ ወጥቶ ነበር። ትምህርት ቤቱም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ ሱቁም እኩለ ቀን አካባቢ በአንዴ ሰዉን ለቀቀው። በረዶው ጎማ ሥር ቀለጠ፣ ወዲያው ረጋ። ጨው የሚበትኑት መኪኖች ራሳቸው ሰልፉ ውስጥ ተቀረቀሩ። ሰው መኪናው ውስጥ አደረ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ትምህርት ቤት አደሩ። ችግሩ የኢንቹ ብዛት ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ስለዚህ ስንት ይጥላል ከማለትህ በፊት ስንት ሰዓት ላይ ይጀምራል በል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ከተባለ፣ ያን ቀን ጭራሽ አትውጣ።

ባሕሩ ዳር ያለን ሰዎች ግን አይመለከተንም አይደል?

ጥር 21 ቀን 2025 ኒው ኦርሊንስ 8 ኢንች ጣለባት። ፍሎሪዳ ውስጥ ሚልተን ወደ 10 ኢንች ተጠጋች፤ የስቴቱን ክብረ ወሰን ሰበረች። ሌክ ቻርልስ ያለው የአየር ትንበያ ቢሮ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረዶ አውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ያኔ አትላንታ ብዙም አልደረሳትም።

አሁን ኤአይ መጥቷል። ሞዴሎቹ ጡረታ ሊወጡ ነው?

ገና ናቸው፤ ግን ቀልድ አይደለም። የአውሮፓው ማዕከል የራሱን የኤአይ ሞዴል በየካቲት 2025 ወደ መደበኛ ሥራ አስገብቷል። የማዕበሉን መንገድ በመገመት ጎበዝ ነው፤ በደቂቃዎች ይጨርሳል። ነገር ግን ጥራቱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ቅድም ያልኳትን ቀጭን የሙቅ አየር ንብርብር እንዲያሳየኝ አልጠብቅም። ማዕበሉ በየት ያልፋል ለሚለው እሱን፣ ዝናብ ነው በረዶ ለሚለው ባለ 3 ኪሎ ሜትሮቹን አያለሁ።

ልጄ፣ እኔ ሞዴል ምናምን አላውቅም። መብራት ከጠፋ ቤቴ ከሰል አለኝ፣ ለቡናም ለሙቀትም ይሆናል። ሌላ ምን ልግዛ?

እማማ፣ ከሰሉን እባክዎ ቤት ውስጥ እንዳያነዱት። አገር ቤት ቤቱ ክፍተት አለው፤ እዚህ ያለው ቤት እንደ ቆርቆሮ የታሸገ ነው። ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሞላዋል። አይሸትም፣ ያስተኛል። መኪናም ጋራዥ ውስጥ አስነስተው አይሙቁ፣ በሩ ቢከፈትም። ጀነሬተር ካለ ከቤት ራቅ ብሎ ውጭ ነው የሚቀመጠው። የሚገዙትማ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል በባትሪ የሚሠራውን፣ የእጅ ባትሪ፣ ውሃ፣ የሦስት ቀን ምግብ፣ መድኃኒትዎን። ብርዱ በጣም ከጠነከረ ቧንቧውን በቀጭኑ እያንጠባጠቡ ይደሩ። ቡናው መብራት ሲመጣ ይደርሳል።

የስልኬ አፕ ቅዳሜ ላይ የበረዶ ምልክት አድርጓል፣ 60 በመቶ ይላል።

አፑ ብዙ ጊዜ ሰው ያላየው የሞዴል ውጤት ነው። በከተማህ ያለውን የብሔራዊ የአየር ትንበያ አገልግሎት ቢሮ ጽሑፍ አንብብ። ትንበያ ባለሙያው የሚጠራጠረውን ነገር በግልጽ ይጽፋል።

ቅዳሜ ከአትላንታ ወደ አዲስ አበባ በረራ አለኝ። ልቀይር?

አሁን አይደለም። አየር መንገዶች ማዕበሉ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ብዙ ጊዜ ያለ ቅጣት ቀን መቀየር ይፈቅዳሉ፤ ዛሬ ብትቀይር ከኪስህ ልትከፍል ትችላለህ። ፈቃዱ እንደወጣ ግን ወዲያው ደውል፤ መቀመጫው ቶሎ ያልቃል። በሌላ ከተማ የምትገናኝ ከሆነ የዚያችንም ትንበያ ተመልከት። ሞገዱ የብስ የሚረግጠው ማክሰኞ ማታ ነው፤ እስከ ረቡዕ ረፋድ ትኬትህን አትንካ።