4 ጊጋ ራም ላለው ላፕቶፕ የትኛው የዳታቤዝ ሶፍትዌር?

እህት ዓለም፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ነሽ፣ ላፕቶፕሽ 4 ጊጋ ራም ነው፣ ባትሪው ሞቷል፣ መብራቱም ይመላለሳል። አንዱ ጓደኛሽ ወርክቤንች ይልሻል፣ ሌላው ዲቢቨር፣ የሥራ ማስታወቂያው ደግሞ ኦራክል። የቱን ልያዝ ብለሻል።

ግራ ያጋባሽ ሁለት ነገር መቀላቀሉ ነው። ኦራክል፣ ማይኤስኪውኤል፣ ፖስትግሬስ ዳታው የሚቀመጥባቸው ናቸው። ወርክቤንችና ዲቢቨር ግን ገብተን የምንሠራባቸው መሣሪያዎች ናቸው።

ኤስኪውላይት በሚባለው ዳታቤዝ ጀምሪ። ከጀርባ ሁልጊዜ የሚሠራ ሰርቨር የለውም፣ ዳታቤዙ በሙሉ አንድ ፋይል ነው፣ በፍላሽ ይዘሽው ትዞሪያለሽ። ዲቢ ብራውዘር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ክፈቺው፣ ላፕቶፕሽን አያስጨንቅም። እሱን ስትለምጂ ፖስትግሬስን ጫኚ። ሁለቱም ኮሚት ያደረግሽው (ያጸደቅሽው) ነገር መብራት ድንገት ቢጠፋም እንዲተርፍ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ የምታጪው ኮሚት ያላደረግሽውን ለውጥና ሴቭ ያላደረግሽውን ስክሪፕት (የጻፍሽውን የትዕዛዝ ፋይል) ነውና በየደቂቃው ሴቭ አድርጊ።

ዲቢቨርን እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ከሁሉም ዳታቤዝ ጋር ይሠራል ማለት ይቻላል። ግን ራም ይበላል፣ መጀመሪያ ስትገናኚም ድራይቨር (ከዳታቤዙ ጋር ማገናኛ ፕሮግራም) ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ ስለዚህ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሆነሽ ጨርሰሽ ወደ ቤት ግቢ። ከከበደሽና ዊንዶውስ ከሆንሽ ሃይዲኤስኪውኤል ቀላል ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሥራ በጀመርኩበት ቢሮ የአንድ ደንበኛ ስልክ ቁጥር ላስተካክል ብዬ አፕዴት የሚባለውን የመቀየሪያ ትዕዛዝ ጻፍኩ። ሁለት መስመር ነበር፣ የላይኛውን ብቻ በማውዝ መርጬ ራን አልኩት። መሣሪያው የሚያስኬደው የተመረጠውን ብቻ ነው፣ ዌር ያለበት፣ ማለትም የትኛው ደንበኛ እንደሆነ የሚለየው መስመር ታች ቀረ። የሁሉም ደንበኛ ስልክ አንድ ሆነ። ባክአፑ የሳምንት ነበር፣ የቀረውን ከወረቀት ፎርም አንድ በአንድ እየለቀምን ነው የመለስነው። አውቶ ኮሚትን (ለውጡን ሁሉ ወዲያው የሚያጸድቀውን) አጥፍቼ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሮልባክ (ለውጡን በመሰረዝ) ያልቅ ነበር። አውቶ ኮሚቱ ዲቢቨር ላይ ከላይ ከሜኑው ሥር ነው ያለው፣ ዛሬውኑ ማኑዋል አድርጊው።

ልምምዱን በምታውቂው ነገር ሥሪ። ከቢቸና ጤፍ፣ ከቡሬ በቆሎ የሚገዛ ነጋዴ አስቢ፤ ገበሬ፣ እህል፣ ርክክብ የሚሉ ሦስት ቴብሎች ሥሪለት። ከዚያ «እስካሁን ምንም ያላስረከበ ገበሬ ማነው?» ብለሽ ጠይቂ። ሁለት ቴብል የሚያገናኘው ተራ ጆይን እነዚህን ሰዎች አያወጣልሽም፣ ምክንያቱም ርክክብ ውስጥ ስማቸው የለም፤ በሌላው ቴብል ባይገኙም የመጀመሪያውን ቴብል ሰዎች ሁሉ የሚያወጣው ሌፍት ጆይን ያስፈልግሻል። ይህን መሣሪያው ሳይጨርስልሽ በእጅሽ ወረቀት ላይ ጻፊው፣ ለቃለ መጠይቅ የላክኋቸው ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

ኦራክሉ ይደርሳል፣ ነፃ እትም አለው፣ የምትማሪው ኤስኪውኤልም (ዳታቤዝን የምናዝበት ቋንቋ) አብዛኛው እዚያ ይሠራል። የገበሬዎቹን ፋይል ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።